የክት ሽቶ



አክስቴ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ በታጠፉት ነጠላዎቿ መካከል፣ አንዲት ጥቁር ሰማያዊ ካርቶን ነበረች። ከክብሪት ቀፎ ትንሽ ከፍ ትላለች። ባዶ ናት። በውስጧ የነበረው ብልቃጥ እኔ ሳልወለድ አልቆ ለቆራሌው ተሰጥቷል። ካርቶኗ ግን አልተጣለችም። ልጅ ሆኜ ከፍቼ ሳሸታት አክስቴ ደረሰችብኝና "እሷን ተዋት፣ ልብሴ ውስጥ ትቀመጥ" አለችኝ። ከዚያ በላይ ማብራሪያ አልሰጠችኝም። በበዓል ቀን ነጠላዋን አውጥታ ስታራግፍ፣ ከቄጠማውና ከቡናው ጢስ ሌላ ስሙን የማላውቀው አንድ ነገር ቤቱ ውስጥ ይዞር ነበር። በካርቶኗ ላይ የተጻፈውን ያነበብኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ፈረንሳይኛ ስማር ነው፤ "ሷር ደ ፓሪ" ይላል። የፓሪስ ምሽት ማለት ነው።

ዛሬ ማምሻውን ስለ ድሮ ሽቶ ላወራችሁ ነው የተጠራሁት። ከሽቶው ይልቅ ስለ ካርቶኑ አብዝቼ ስናገር ብትሰሙ አትታዘቡኝ፤ በሽታዬ እሱ ነው። ደግሞም የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ በኋላ ስንቀንስና ስንደምር እንዳናመሽ።

ሷር ደ ፓሪን ያወጣው ቡርዧ የተባለው የፓሪስ ቤት ነው፣ በ1928። ቀማሚው ኤርኔስት ቦ ይባላል። ይኸው ሰው በ1921 ሻኔል ቁጥር 5ን የሠራ ነው። እንግዲህ አንድ እጅ ሁለት ሽቶ ሠራ፤ አንዱ ለባለጸጋ፣ አንዱ ለሁሉም። ሻኔሉ በታወቁ ሱቆች ብቻ ሲሸጥ፣ ሰማያዊው ብልቃጥ በየመድኃኒት ቤቱና በየሰፈሩ መደብር በርካሽ ይገኝ ነበር። ርካሽ በመሆኑም ዓለምን ዞረ፤ ዞሮ ዞሮ የአክስቴ ነጠላ ውስጥ ገባ። ከፒያሳ ሱቅ ይገዛ፣ ሰው ያምጣላት፣ አልነገረችኝም።

እኛ "ክት" የሚል ጥሩ ቃል አለን። የክት ልብስ፣ የክት ጫማ፣ የክት ብርጭቆ። ለዘወትር የማይነካ፣ ለእንግዳና ለዓመት በዓል የሚወጣ። አንዳንዱ የክት ዕቃ ደግሞ የሚመጥነው በዓል ሳይመጣለት ይቀራል። እኔና መሰሎቼ የምንሰበስበው የድሮ ሽቶ አብዛኛው እንዲህ ያለ ነው። በ1944 ፓሪስ ነጻ ስትወጣ የአሜሪካ ወታደሮች ሩ ካምቦን ላይ ባለው የሻኔል ሱቅ ፊት ተሰልፈው፣ ለእናት፣ ለእህት፣ ለእጮኛ ቁጥር 5 ይገዙ ነበር። ከተቀበሉት ሴቶች መካከል ያንኑ ቀን ከፍታ የተቀባች አለች። "ለሰርጌ ይሁን"፣ "ለልጄ ክርስትና ይሁን" እያለች በመሳቢያ ያኖረችም አለች። ሴትየዋ አርጅታ ስትሞት ልጆቿ መሳቢያውን ይከፍታሉ፤ ካርቶኑ እንደታሸገ ነው። ለኛ የሚደርሰን ይኸኛው ነው። የምንሰበስበው ሰው ያልተጠቀመበትን ደስታ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሰብሳቢዎች ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን የጠርሙስ ሰው ነው፤ ውስጡ ውኃ ቢሆንም ግድ የለውም፣ መስታወቱ ይቆንጅለት። ሁለተኛው የፈሳሹ ሰው ነው፤ ጠርሙሱ ቢሸረፍ፣ ወረቀቱ ቢላጥ አይሞቀው አይበርደው፣ ማሽተት ብቻ ነው የሚፈልገው። ሁለቱ ወገኖች በገበያ ቀን ሲገናኙ በትሕትና ይናናቃሉ። እኔ በመካከላቸው ቆሜ ካርቶኑን እለምናለሁ። ለምን እንደሆነ በሁለት ነገር ላስረዳችሁ፤ ካርቶን ጥላ ነው፣ ካርቶን ምስክር ነው።

መጀመሪያ ግን ካርቶኑ ራሱ ከየት መጣ? ሽቶ ሁልጊዜ በሳጥን አልኖረም። በ19ኛው መቶ ዘመን አብዛኛው ሽቶ የሚሸጠው እንደ መድኃኒት ነበር፤ ተራ ጠርሙስ፣ ስም የተጻፈበት ወረቀት፣ አለቀ። ገዢዋ ቤቷ ወስዳ ወደ ራሷ ያማረ ብልቃጥ ትገለብጠዋለች። በእርግጥ ቀደም ብሎም ለነገሥታት የተለየ ዕቃ ይሠራ ነበር። ገርላን የተባለው ሽቶ ቤት በ1853 ለሦስተኛው ናፖሊዮንና ለእቴጌ ኦዤኒ ያቀረበው ኮሎኝ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ምልክት የሆነው ንብ በጠርሙሱ ላይ ሰፍሮበት ነበር። ያ ግን የቤተ መንግሥት ነገር ነው። ዕቃውን የሽቶው ግማሽ አድርጎ ለሰፊው ገበያ ያወጣው በኮርሲካ ደሴት አዣክሲዮ ከተማ የተወለደው ሽቶ ሠሪ ፍራንሷ ኮቲ ነው ቢባል ብዙ ሰው ይስማማል። ኮቲ ሽቶ በአፍንጫ ብቻ እንደማይሸጥ ገባው። ያኔ በጌጣጌጥ ሠሪነቱ ስሙ የገነነውን ሬኔ ላሊክን ሄዶ ጠርሙስ ሥራልኝ አለው። ከ1900ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ሁለቱ አብረው ሲሠሩ፣ ላሊክ በቅርጽ ማውጫ የሚወጣ መስታወት እየቀረጸ፣ ዓይነ ግቡ ጠርሙስ በብዛትና ደህና በሆነ ዋጋ መሠራት ቻለ። ጠርሙሱ ካማረ ካርቶኑም ይዋብ ተባለ። ሐር የተነጠፈበት፣ ወርቅማ ጽሑፍ የታተመበት፣ እንደ መጽሐፍ የሚገለጥ፣ እንደ ደጅ ወዲያና ወዲህ የሚከፈት መጣ።

አሁን ወደ ጥላው። ይህን የምነግራችሁ በራሴ ጥፋት ነው።

ፓሪስ በነበርኩ ጊዜ ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ቫንቭ በር ከሚባለው የአሮጌ ዕቃ ገበያ አልጠፋም ነበር። ምናለሽ ተራን የሚያውቅ ሰው እዚያ ቢሄድ አይደናገርም፤ ጨርቁ መሬት ላይ ይነጠፋል፣ ሰዓቱም ሹካውም ጠርሙሱም ተደባልቆ ይዘረገፋል፣ ክርክር አለ፣ ኩርፊያ አለ። አንድ ቀን ከአንድ ነጋዴ ሁለት የገርላን ሻሊማር ገዛሁ። ሁለቱም ከአንድ ቤት የወጡ፣ የአንድ ዘመን፣ ልክ እንደ መንታ። አንዱ ካርቶን አለው፣ ሌላው የለውም። ካርቶን ያለውን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ራቁቱን ግን መልኩ ማርኮኝ መስኮት ላይ አቆምኩት፤ ጠዋት ፀሐይ ስትመታው ፈሳሹ እንደ ብርዝ ያበራ ነበር። እንግዳ ሁሉ ያደንቃል፣ እኔም ደስ ይለኛል። ሁለት በጋ አለፈ።

ሻሊማር ሲከፈት አስቀድሞ የሚመጣው ቤርጋሞት ነው፤ ከሎሚ ዘመዶች አንዱ፣ ልጣጩ የሚጨመቅ። ከሥሩ ቫኒላና ሙጫ ሙጫ የሚል ከባድ መዓዛ አለ። የመሳቢያውን ስከፍት ቤርጋሞቱ ደክሞ ነበር፣ ቢሆንም አለ። የመስኮቱን ስከፍት የመጣው የከረመ ዘይት ነው። መልኩም ከብርዝ ወደ ጠላ ዞሯል። በካርቶን ውፍረት ብቻ የሚለያዩ ሁለት መንትዮች፣ አንዱ በሕይወት ያለ፣ አንዱ የሞተ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የሎሚ ወገን ዘይቶች ሊሞኒን የሚባል ነገር በብዛት አለባቸው። ይህ ነገር አየር ሲያገኘው ይለወጣል፤ ብርሃንና ሙቀት ደግሞ ያፋጥኑታል። ቫኒላው፣ እንጨቱ፣ ሙጫው ግን ጠንካሮች ናቸው፤ ብዙ ዘመን ይሻገራሉ። ስለዚህ የድሮ ሽቶ የሚሞተው ከላይ ወደ ታች ነው። ቀድሞ የሚጠፋው አንገቱ ነው፣ ገላው ይቆያል። ሽቶ እንደ ጠጅ ሲከርም የሚበስል የሚመስላቸው አሉ፤ አይበስልም። የሚያደርገው አዝግሞ መሞት ነው፤ የሰብሳቢው ሥራ አዝጋሚነቱን ማገዝ ብቻ ነው።

ይህን በሳይንስ ደረጃ የያዘ ቤት ቬርሳይ ውስጥ አለ፤ ኦስሞቴክ ይባላል። በ1990 የተከፈተው የዣን ፓቱ ሽቶ ቤት ቀማሚ የነበረው ዣን ኬርሌዮና የሙያ ባልደረቦቹ በጀመሩት ሥራ ነው። ሽቶዎቹን በጨለማ፣ በ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያኖሯቸዋል፤ በጠርሙሱ ውስጥ ያለውን አየር አስወጥተው በምትኩ አርጎን የሚባል ጋዝ ይሞሉበታል። ገበያ ላይ የሌሉ፣ ኩባንያቸው እንኳ የፈረሰ ሽቶዎች ቅመማቸው ተፈልጎ እንደገና ተሠርተው እዚያ ይሸተታሉ። በወረቀት ቁራጭ ነክረው ያሸቷችኋል፣ አይሸጡላችሁም። እኔ አርጎን የለኝም። ካርቶን፣ መሳቢያና የማይሞቅ ክፍል አለኝ። አዲስ አበባ በዚህ ረገድ ከብዙ ከተማ ትሻላለች፤ የባሕረ ሰላጤው ሙቀት ውስጥ ለሚሰበስቡ ወዳጆቻችን ግን አዝንላቸዋለሁ።

ከካርቶኑ ቀጥሎ ያለው ጥበብ አንገቱ ላይ ነው። የጥንቱ ጠርሙስ ክዳን እንደዛሬው በጥርስ የሚዞር አይደለም። የመስታወት ውታፍ ነው፤ ከአንገቱ ጋር ተፋጭቶ እንዲገጥም የተሞረደ። ምንም ቢሞረድ ግን መስታወት በመስታወት ላይ አየር ጨርሶ አይከለክልም። ስለዚህ ከከብት አንጀት የሚገኝ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ሽፋን ያመጡና በውኃ አርሰው በውታፉ ላይ ይወጥሩታል። በቀጭን ክር ዙሪያውን ይጠመጥሙታል፣ ያስሩታል፣ ትርፉን ይከረክሙታል። ሲደርቅ ይጠብቃል። ሻኔል በጥቁር ክር አስሮ በጥቁር ሰም ላይ ማኅተሙን ይመታበታል። ይህን በእጃቸው የሚሠሩ ሴቶች በገርላን "የጠረጴዛ እመቤቶች" ይባላሉ፤ ሥራው ዛሬም በውድ ሽቶዎች ላይ አልቀረም። እኔ ክሩን ባየሁ ቁጥር የሽመና ጥበብ የምታውቅ አገር ልጅ በመሆኔ ይሁን፣ ከመዓዛው በፊት ለቋጠሮው እንበረከካለሁ። አንጀቱንና ቋጠሮውን አደራ አስታውሱልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሽፋኑና ክሩ ሳይነካ ከካርቶኑ ጋር የቆየ ጠርሙስ ሰብሳቢን ያሳብዳል። አጭበርባሪም ይህን ያውቃል። በጀማሪነቴ አንድ ነጋዴ አንገቱ የታሰረ፣ እስከ አፉ የሞላ ትልቅ ጠርሙስ አሳየኝ። የወር ደመወዜን ግማሽ ሰጠሁት። ቤቴ ገብቼ ሳምንት ሙሉ ስስም ሰነበትኩ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ሰብሳቢ አዩትና ሳቁ። የሱቅ መስኮት ማስጌጫ ነበር። የሽቶ ቤቶች ለዕይታ ብቻ የሚያስቀምጡት፣ ቀለም የገባ ፈሳሽ የሞላ ጠርሙስ አለ፤ የሚሸጥ አይደለም፣ የሚሸትም ነገር የለውም። ሽማግሌው ያስተማሩኝ ይህ ነው፦ ሰማንያና ዘጠና ዓመት የቆየ እውነተኛ ሽቶ ጢም ብሎ አይገኝም። ቢታሸግም ይተናል። ጎደል ያለው ይታመናል፣ የሞላው ይጠረጠራል። እንዲያው ስለሰውም እንዲህ ይሆን እንዴ ብዬ አስቤ ነበር፣ ግን ይቅር።

እንግዲህ ምስክርነቱ። ይህን በእጄ የያዝኩትን ካርቶን እዩት። ኋላ ያላችሁ ካልታያችሁ ስትወጡ ጠረጴዛው ላይ አለ። ጠርሙስ ዘመኑን አይናገርም፤ አንድ ቅርጽ ማውጫ ለሃምሳ ዓመት ሊያገለግል ይችላል። ካርቶን ግን በየጊዜው ይታተማል፣ በየጊዜውም የዘመኑ ሕግ ይጻፍበታል። ግርጌውን ገልብጡ። የፓሪስ አድራሻ በአምስት አሐዝ የፖስታ ቁጥር ከተጻፈ፣ ከ1972 ወዲህ ነው፤ ፈረንሳይ ያንን ቁጥር የጀመረችው ያኔ ነው። በመስመር የተሠራው የዋጋ ማንበቢያ ካለው ደግሞ ይበልጥ ቅርብ ነው፤ ይህ ነገር መጀመሪያ በሱቅ የተነበበው በ1974 በአሜሪካ ኦሃዮ፣ በአንድ እሽግ ማስቲካ ላይ ነው። ሁለት ቀስት የተቃቀፉበት ክብ ምልክት ካያችሁ፣ ከ1990ዎቹ ወዲህ። ሊሞኒን፣ ሊናሎል እያለ አለርጂ የሚያመጡ ነገሮችን የሚዘረዝር ከሆነ፣ የአውሮፓ ሕግ ካስገደደበት ከ2005 ወዲህ። ሰውየው "የሃምሳዎቹ ነው፣ አያቴ ነበሩ የገዙት" እያለ ሲምልልኝ የዋጋ ማንበቢያው መስመር ከታች ሆኖ የሚያየኝ ጊዜ ነበር። አያቱን ላለማስቀየም ዝም ብዬ አስቀመጥኩለት።

"ዘመኑ ምን ያደርግልሃል? ስሙ አንድ፣ ጠርሙሱ አንድ" የሚለኝ አይጠፋም። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው።

ሚትሱኮ የሚባል ሽቶ አለ። ዣክ ገርላን በ1919 የሠራው ነው። ስሙ ክሎድ ፋሬር ስለ ጃፓን ከጻፈው ልብ ወለድ የተወሰደ ነው። ጠርሙሱ፣ ዣክ ገርላን ራሱ በ1912 ለር ብሉ ለተባለው ሌላ ሽቶ የተጠቀመበት ነው፤ ውታፉ የተገለበጠ ልብ ይመስላል። ወረቀቱ ከተላጠ ሁለቱን በዓይን አትለዩአቸውም። የሚትሱኮ ገላ የቆመው በሁለት ነገር ላይ ነው። አንዱ ኮክ ኮክ የሚል፣ በኬሚስቶች የተሠራ መዓዛ። ሌላው በኦክ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ የሚበቅል፣ እንደ ሽበት የተንጨፈረረ ነገር፤ ተለቅሞ ጭማቂው ሲወጣ ዝናብ የመታው ጫካ ይሸታል። ኮቲ በ1917 ሺፕር ብሎ ባወጣው ሽቶ ዝነኛ ያደረገው ይህንኑ የዛፍ ሽበት ነው፤ ስሙ ዛሬ ለአንድ ወገን ሽቶዎች ሁሉ መጠሪያ ሆኗል።

ችግሩ የዛፉ ሽበት አንዳንድ ሰው ቆዳ ላይ ሽፍታ ያስነሳል። በ1973 የተመሠረተው የሽቶ ኢንዱስትሪው ዓለም አቀፍ ማኅበር መጠኑን እየቀነሰ ሄደ። ቀጥሎ የአውሮፓ ኅብረት በ2017 ባወጣው ደንብ፣ ሽፍታውን የሚያመጡትን አትራኖልና ክሎሮአትራኖል የሚባሉትን ሁለት ነገሮች ከለከለ፤ ከ2021 ጀምሮ እነሱ ያሉበት ሽቶ በአውሮፓ ሱቅ አይሸጥም። ቀማሚዎቹ ሽበቱን አጥበው ወይም በሌላ ተክተው ሚትሱኮን እንደገና ሠሩት። ሥራቸውን አላጣጥልም፤ ቆዳው ሽፍታ ለሚያወጣ ሰው ሕጉ ትክክል ነው፣ አዲሱም ሽቶ ያምራል። ግን ሌላ ነው። ጫካው ውስጥ ዝናብ አልዘነበም። ዛሬ በሱቅ የሚሸጠውና እናቶች የተቀቡት ስማቸው አንድ፣ ነገራቸው ሁለት ሆኗል። ልዩነቱን የሚነግራችሁ ደግሞ የካርቶኑ ግርጌ ነው። ካርቶኑን የጣለ ሰው ሽቶውን ያለ ልደት ምስክር ወረቀት አስቀርቶታል።

የሚቀጥለውን ጥያቄ ሁሉም ይጠይቀኛል። የታሸገውን ትከፍተዋለህ ወይስ አትከፍተውም?

በ1912 በታይታኒክ የተሳፈረ አዶልፍ ዛልፌልድ የሚባል የማንቸስተር ሽቶ ነጋዴ ነበር። ለአሜሪካ ደንበኞቹ ሊያሳይ ከ60 በላይ ትንንሽ የናሙና ብልቃጦች በቆዳ ቦርሳ ይዞ ነበር። እሱ በነፍስ አድን ጀልባ ተረፈ፣ ቦርሳው ሰጠመ። በ2000 ጠላቂ መሣሪያዎች ቦርሳውን ከውቅያኖሱ ወለል አወጡት፤ ከሰማንያ ዓመት በላይ በጨለማና በቅዝቃዜ ቆይቷል። ብልቃጦቹ ሲታዩ አብዛኞቹ እንዳሉ ናቸው፤ ሽታቸው መርከቡ ላይ የነበሩትን ሰዎች አስደነገጠ። ከዚያም የሚብስ አለ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ በ1864፣ ሜሪ ሴለስቲያ የምትባል መርከብ ቤርሙዳ ዳርቻ ሰጠመች። በ2011 ማዕበል አሸዋውን ሲገላልጠው የለንደኑ ፒየስና ሉቢን የሚል ስም የተቀረጸባቸው ሁለት የሽቶ ጠርሙሶች ተገኙ። ተከፈቱ፣ በላቦራቶሪ ተመረመሩ፣ ቤርሙዳ ውስጥ ያለ ሽቶ ቤትም በዚያ ላይ ተመሥርቶ አዲስ ሽቶ አወጣ። ጨለማው ካርቶን ሆኖላቸው ነበር ማለት ነው።

እነዚያን ባይከፍቷቸው ኖሮ ምንም አናውቅም ነበር። እኔም በዘመኔ የታሸገ ከፍቻለሁ፤ ሦስት ጊዜ፣ በአንዱ ተጸጽቻለሁ። ሁለተኛው ሚትሱኮ ነበር፤ ግርጌው ላይ የፖስታ ቁጥር የለም፣ መስመር የለም። ክሩን ስቆርጥ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ለሃያ ደቂቃ ያህል የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሸተተኝና ለገንዘቤ አዘንኩ። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ጥዬ ቡና ላፈላ ተነሣሁ። ስመለስ ክፍሉ ውስጥ ኮክ ነበር፤ ከኮኩ ኋላ ጫካው። ስለዚህ የድሮ ሽቶ የምትከፍቱ ሁሉ የመጀመሪያውን ሃያ ደቂቃ አትፍረዱበት፤ የሞተው አንገቱ ነው። ፍርዴን ከጠየቃችሁኝ፣ ሁለት ያለው አንዱን ይክፈት። አንድ ብቻ ያለውም አርጅቶ ሳይታመም በፊት ይክፈት። አፍንጫም ያረጃል።

አሁን ወደ ተውኩት አደራ ልመለስ፤ ወደ አንጀቱና ወደ ቋጠሮው።

የድሮ ሽቶዎችን ቅመም ስመረምር አንድ ስም ደጋግሞ ይመጣብኝ ነበር። ኤሜ ገርላን በ1889 በሠራው ዢኪ ውስጥ አለ። ሻሊማር ውስጥ አለ። ቀማሚዎቹ ሲቬት ይሉታል። እኛ ዝባድ እንለዋለን፤ የጥርኝ ዝባድ። ለረጅም ዘመን ለዓለም ገበያ ዋናዋ የዝባድ ምንጭ አገራችን ነበረች። በ19ኛው መቶ ዘመን ከግቤ አገሮች፣ ከእናርያና ከአካባቢው የተነሡ ነጋዴዎች በጎጃም አቋርጠው፣ ጎንደርን አልፈው፣ ምጽዋ ሲደርሱ ከወርቁና ከዝሆን ጥርሱ ጋር ዝባድ ያራግፉ ነበር። ኋላም ከጅማ፣ ከከፋ፣ ከኢሉባቦርና ከወለጋ ገበሬዎች ቤት እየተሰበሰበ ወደ ፈረንሳይ ይጫን ነበር። ለብቻው ቢያሸቱት አፍንጫ ያሳዝናል። በጥቂቱ ተበርዞ ሲገባ ግን አበባውን ሁሉ ሰው ሰው ያሸተዋል፣ ቆዳ ላይም ያቆየዋል።

እንዴት ይጫን ነበር? በበሬ ቀንድ። ቀንዱ ይጠረባል፣ ዝባዱ ይሞላበታል፣ አፉ በቆዳ ይለጎማል፣ በጠፍር ይታሰራል። ይህን መጀመሪያ ሳውቅ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። የፓሪስ እመቤቶች በጠርሙሱ አንገት ላይ የሚያስሩት የአንጀት ሽፋንና ክር፣ የጅማ ገበሬ በቀንዱ አፍ ላይ ካሰረው ቆዳና ጠፍር ጋር ሥራው አንድ ነው። ሁለቱም አየር ይከለክላሉ፣ ሁለቱም "አልተነካም" ብለው ይመሰክራሉ። ማጭበርበሩም አንድ ነው፤ ዝባድ በቅቤ እየተደባለቀ ይሸጥ ስለነበር ገዢው ቀንዱን ከፍቶ ሳይመረምር አይቀበልም። የመስኮት ማስጌጫ የተሸጠልኝ እኔ ብቻ አይደለሁም።

ቀሪውንም አልደብቃችሁም። ጥርኙ ከዱር ይያዛል፣ መዞሪያ በሌለው ጠባብ የእንጨት ጎጆ ይዘጋበታል፣ በየጥቂት ቀኑ ይያዝና ከዕጢው ዝባዱ ይጠረግለታል። ለአውሬው ስቃይ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የእንስሳት መብት ተሟጋቾች ይህን ለዓለም ሲያሳዩ፣ ታላላቅ ሽቶ ቤቶች የተፈጥሮ ዝባድ ተውን አሉ። ቀድሞም የሚተካው ነበር፤ ኬሚስቱ ሊዮፖልድ ሩዢችካ የዝባድን ዋና መዓዛ ሰጪ፣ ሲቬቶንን፣ አወቃቀሩን በ1926 ገልጦት ነበር፤ በ1939 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ካሰጡት ሥራዎች አንዱ በዚህ መንገድ ላይ ያለ ነው። የአዲሱ ሽቶ ዝባድ ከፋብሪካ ነው። በድሮው ካርቶን ውስጥ ያለው ከጥርኝ ነው። እኔ የድሮውን ስወድ የጥርኙን ስቃይም አብሬ ይዣለሁ፤ ይህን እያወቅሁ ነው የማሸተው። ወደ ጠባቡ ጎጆ እንመለስ ከሚሉት ወገን ግን አይደለሁም።

የሚቆጨኝ ሌላ ነው። የፓሪስ ካርቶን ዛሬ በጨረታ ይሸጣል፣ በግራስ ከተማ ለሽቶ ብቻ የቆመ ሙዚየም አለ፣ አንዲት የተቀደደች የኮቲ ሳጥን በመስታወት ውስጥ ትቀመጣለች። ካገላበጥኳቸው የድሮ ካርቶኖች አንዱም ላይ "ዝባድ፣ ኢትዮጵያ" የሚል አላየሁም፤ የቅመም ዝርዝር መጻፍ የተጀመረው ዝባዱ ሊቀር ሲል ነው። ምስክር ሊሆን የሚችለው ቀንዱ ብቻ ነበር፤ ቀንዱን ደግሞ ማንም አልሰበሰበም። ሲራገፍ ተጣለ፣ ወይም ታጥቦ ዋንጫ ሆነ። እኔ ባሰባሰብኩት ውስጥ ከመቶ በላይ ካርቶን አለ፤ ቀንድ አንድም የለኝም።

ስለዚህ ስትወጡ በር ላይ ደብተር አለ። ከመካከላችሁ የጅማ፣ የሊሙ፣ የከፋ፣ የኢሉባቦር፣ የወለጋ ቤተሰብ ያላችሁ፣ አያት ቤት ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለ፣ ዝባድ የተያዘበት ቀንድ እንዳለ የምታውቁ፣ ስማችሁን ጻፉልኝ። እንዳታጥቡት። ቆዳውንና ጠፍሩን እንዳትፈቱት። በእናቶቻችሁ ቁም ሳጥን ውስጥ ባዶ የሽቶ ካርቶን ያላችሁም፣ ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ግርጌውን ገልብጡና እዩ። መግዛት አልችል ይሆናል፤ ፎቶ አንሥቼ፣ ማን ከየት እንዳመጣው ጽፌ እመልስላችኋለሁ።

የአክስቴ ካርቶን ጠረጴዛው ላይ በግራ በኩል ያለችው ናት። እሷን ማሽተት ይቻላል፤ ቀስ ብላችሁ ክፈቷት።